የተቀበረው ታንከር ለምን ተነሳ?

«2,000 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ታንከር ቀብሬ ነበር። ለማጠብ ባዶ ባደረግኩት ሌሊት ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ጠዋት ሳየው አፉ አንድ ስንዝር ያህል ከመሬት ወጥቷል፤ ቧንቧውም ተገንጥሏል። መልሼ ቀብሬ ከላይ አርማታ ባፈስበት ይበቃል?» የሚል ጥያቄ ደርሶኛል።

አይበቃም። እንዲያውም ከላይ የሚፈሰው አርማታ ባዶውን ታንከር ሊጨፈልቀው ይችላል።

ጉድጓዱ ውሃ ሲሞላ ታንከርዎ አፈር ውስጥ ሳይሆን ውሃ ውስጥ ነው ያለው። ውሃ ደግሞ ቦታውን የያዘበትን ነገር ወደ ላይ ይገፋል፤ ለእያንዳንዱ ሊትር ቦታ አንድ ኪሎ። ሁለመናው ውሃ ውስጥ የገባ ባለ 2,000 ሊትር ታንከር ሁለት ቶን ያህል ግፊት አለበት ማለት ነው። ባዶው ታንከር ግን ጥቂት ሰዎች ተጋግዘው የሚያነሱት ዕቃ ነው። በምን አቅሙ ይቀመጣል?

ሞልቶ ቢሆን የውስጡና የውጩ ይቻቻሉ ነበር። ግን ጉድጓድ ውስጥ የሚገባው ውሃ ንጹህ አይደለም። ጭቃ በዝቶበት ሊትሩ 1.1 ኪሎ ቢመዝን ግፊቱ 2,200 ኪሎ ይደርሳል። ያኔ ንጹህ ውሃ ጢም ብሎ የሞላ ታንከር እንኳ ከላዩ የሚጫነው ካላገኘ ይነሳል።

አርማታው ላይ ብዙ ሰው ሒሳቡን ይስታል። አንድ ሜትር ኩብ አርማታ 2,400 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ለሁለት ቶን የሚተርፍ ይመስላል። ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን አርማታውም ራሱ ይገፋል። 1,000 ኪሎው ሄደ፤ የሚቀርዎት 1,400 ነው። ስለዚህ አንድ ተኩል ሜትር ኩብ ለጥቂት ነው የሚይዘው። እኔ ጭቃውንም አስቤ ወደ ሁለት እጠጋለሁ።

የአርማታው ቦታ ደግሞ ከታንከሩ ሥር ነው። ከታንከሩ ሰፋ ያለ ሶሌታ (ጠፍጣፋ የአርማታ ወለል) ያፍሱ፤ ትርፉ ጠርዝ ላይ የሚመለሰው አፈርም ይጫንልዎታል። ሲያፈሱ የፌሮ ቀለበቶች አብረው ይቅበሩ። ታንከሩን ከነሱ ጋር በሰፊ፣ በማይዝግ ቀበቶ ይጠፍሩት። ሽቦ እንዳይሞክሩ፣ ፕላስቲኩን ይበላዋል። በሶሌታውና በታንከሩ መካከል አሸዋ ያንጥፉ።

አሁን ባለበት ግን ውሃ አይሙሉት! ከሥሩ ጭቃ ተንዶ ስለሚገባ ሲከብድ ተንጋዶ ሊሰነጠቅ ይችላል። የጉድጓዱን ውሃ በፓምፕ ያውጡ፣ ዙሪያውን ይቆፍሩ፣ ታንከሩን አውጥተው በተለይ የቧንቧ መግቢያውን ይፈትሹ። ለመቀበር የተሠራ መሆኑንም ያረጋግጡ። መሬት ላይ ለመቀመጥ የተሠራ ከሆነ አፈሩ ግድግዳውን ወደ ውስጥ ስለሚገፋው ባይቀብሩት ይሻላል።

አፈር ሲመልሱ ውስጡንም እኩል እየሞሉ ይሂዱ፤ ውጭ አንድ ስንዝር፣ ውስጥ አንድ ስንዝር። ቧንቧውን በሚተጣጠፍ ማገናኛ ያያይዙት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ወጪውም ትንሽ ነው። አፈር ከመመለስዎ በፊት ታችኛው ጫፉ የተበሳሳ ሰፊ ቱቦ ከታንከሩ ጎን እስከ ጉድጓዱ ወለል ድረስ ያቁሙ። ታንከሩን ባዶ ከማድረግዎ በፊት እዚያ ውስጥ ዘንግ ሰደው ይዩ። ዘንጉ ረጥቦ ከወጣ መጀመሪያ የቱቦውን ውሃ ይምጠጡ፣ ከዚያ የታንከሩን።