የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ አርባ በግ በአንድ ቴራባይት

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፤ በደብረ ብርሃን የዩኒቨርሲቲ መምህር ስሆን የመንዝ በግን የዘረ መል ልዩነት በማጥናት ላይ እገኛለሁ። የ40 በጎች የዘረ መል ንባብ (በማሽን የተነበቡ የዘረ መል ፊደላት) በሃርድ ዲስክ ተጭኖ ደርሶኛል፤ የእያንዳንዱ በግ ዳታ 25 ጊጋባይት ያህል ስለሚይዝ ድምሩ 1 ቴራባይት ይሆናል። ያለኝ ባለ 8 ኮርና ባለ 32 ጊጋባይት ሚሞሪ የቢሮ ኮምፒውተር ነው። ባልደረቦቼ «ይህ ያለ ሱፐርኮምፒውተር አይሞከርም» ይሉኛል። እንዲህ ያለውን ማሽንና የዳታ ማስቀመጫ ከየትና እንዴት ልጠይቅ?
መምህር ነኝ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፤ ከየት እንደሚጠየቅ ከመነጋገራችን በፊት ምን ያህል እንደሚጠየቅ ይታወቅ። የስሌት ማዕከላት ለተመራማሪ የሚመድቡት ማሽኑን ሳይሆን «የኮር ሰዓት» ነው፤ ይኸውም አንድ የፕሮሰሰር ኮር (የኮምፒውተሩ አንድ የስሌት ክፍል) ለአንድ ሰዓት የሚሠራው ሥራ ማለት ነው። ይህን ቁጥር በግምት ጽፎ የሚያመለክት ሰው ወይ ከሚገባው በላይ ጠይቆ ይመለስበታል፣ ወይ አንሶበት ሥራው መሐል መንገድ ላይ ይቆምበታል።

ስለዚህ ከ40ዎቹ በጎች አንዱን ብቻ ይውሰዱ። ከጥራት ማጣሪያው ጀምሮ ንባቡን ከበግ መነሻ ጂኖም (ለማነጻጸሪያ ከተዘጋጀው የበግ ሙሉ ዘረ መል) ጋር አስተያይቶ ልዩነቶቹን እስከ መለየት ያለውን ሥራ በቢሮዎ ኮምፒውተር ላይ ያካሂዱና የፈጀውን ሰዓት፣ የያዘውን ሚሞሪ፣ በመሐል የተፈጠሩትን ፋይሎች መጠን በማስታወሻዎ ያስፍሩ። 8ቱ ኮሮች 6 ሰዓት ቢፈጅባቸው አንዱ በግ 48 የኮር ሰዓት ወሰደ ማለት ነው፤ ለ40ው 1,920 ይሆናል፤ ስሕተት ተገኝቶ መድገም የማይቀር ስለሆነ ሲሶውን ቢጨምሩበት 2,560 ይደርሳል። ይህ ቁጥር የማመልከቻዎ ልብ ነው።

ያው ቁጥር ግን ሌላም ነገር ይናገራል። 1,920 የኮር ሰዓት ለ8 ኮር ሲካፈል 240 ሰዓት፣ ማለትም 10 ቀን ነው። የአንዱ በግ ሙከራ ውጤት በዚህ ዙሪያ ከወጣ፣ ባልደረቦችዎን ሳላስቀይም፣ ለዚህ ደረጃ ሱፐርኮምፒውተር አያስፈልግዎትም እላለሁ። የሱፐርኮምፒውተር ዋና ጉልበት የኮሮቹ ብዛት ብቻ ሳይሆን እርስ በርስ የሚያገናኛቸው እጅግ ፈጣን መስመር ነው፤ ለምሳሌ በአየር ጠባይ ትንበያ ሞዴል ውስጥ እያንዳንዱ ኮር የያዘውን አካባቢ በየደረጃው ከጎረቤቱ ጋር ካላመሳከረ ወደፊት አይራመድም። የእርስዎ በጎች ግን አንዱ ሌላውን አይጠብቅም። የበግ ጂኖም 2.8 ቢሊዮን ገደማ ፊደላት ያሉት በመሆኑም በዚህ ደረጃ ላሉት የተለመዱ ፕሮግራሞች 32 ጊጋባይት ሚሞሪ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

የሚያሰጋው መብራት ነው። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት የ9 ቀን ሥራ በአንድ ትእዛዝ አስሬ ለቅቄ በ8ኛው ቀን መብራት ሲሄድ ሁሉንም ከሀ ጀምሬዋለሁ። ትእዛዝዎን በግ በበግ ከፋፍለው ይጻፉት፤ አንዱ ሲያልቅ ውጤቱ ይቀመጥ፣ የመሐል ፋይሎቹም ይሰረዙ። እነዚህ ፋይሎች የመነሻውን ዳታ ሁለትና ሦስት እጥፍ ስለሚሆኑ ሳይሰረዙ ከተከማቹ ዲስኩን ይሞሉታል።

40ውን በጎች አንድ ላይ አሰባስቦ ልዩነቶቹን የማነጻጸሩ ደረጃ ግን ከፍ ያለ ሚሞሪ ሊጠይቅ ስለሚችል፣ የትልቅ ማሽን ጥያቄ ተገቢ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲዎን የአይሲቲ ክፍል ያነጋግሩ፤ በእርሱም በኩል ዩኒቨርሲቲዎችን የሚያገናኘውንና በትምህርት ሚኒስቴር ሥር ያለውን የኢትዮጵያ የትምህርትና ምርምር ኔትወርክ፣ በተለምዶ ኢተርኔት የሚባለውን፣ ይጠይቁ። በግል ከሚላክ ኢሜይል ይልቅ በተቋም ማኅተም የወጣ ደብዳቤ መልስ እንደሚያስገኝ ከልምድ አይቻለሁ። ከአገር ውጭ በአህጉራችን ስሙ የሚነሣው በኬፕ ታውን የሚገኘው የደቡብ አፍሪካ የከፍተኛ ስሌት ማዕከል ነው፤ «ሌንጋው» የሚባለው ማሽኑ ስያሜው በሴትስዋና አቦሸማኔ ማለት ነው። ወደዚያ የሚወስደው ቀናው መንገድ በዚያ አገር ዩኒቨርሲቲ ካለ ተመራማሪ ጋር ጥናቱን በጋራ መሥራት ነው። ደብዳቤ ሳይጽፉ ዛሬውኑ መጀመር ከፈለጉ ጋላክሲ የተባለው ነፃ የዘረ መል ዳታ መተንተኛ ድረ ገጽ ለተመዘገበ ተጠቃሚ 250 ጊጋባይት ማስቀመጫ ይፈቅዳል፤ የመሐል ፋይሎቹ ከዚሁ ስለሚቆጠሩ ሁለት ሁለት ወይም ሦስት ሦስት በግ ማስገባት ይሻላል።

ወደ ሩቅ ማሽን ለመላክ ሲያስቡ መስመሩንም ያስሉ። 1 ቴራባይት በሴኮንድ 10 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር፣ ያውም አንዴም ሳይቋረጥ፣ ከ9 ቀን በላይ ይፈጃል። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና ሃርድ ዲስኩን በቦርሳው ይዞ ማለዳ አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው ኢንተርኔቱን በሰፊው ይቀድመዋል። በመስመር መላክ ግድ ከሆነ አርሲንክን የመሰለ፣ ሲቋረጥ ከቆመበት የሚቀጥል ፕሮግራም ይጠቀሙ፤ ሲደርስም የእያንዳንዱን ፋይል የማረጋገጫ ቁጥር ከመነሻው ጋር ያመሳክሩ።

ማስቀመጫን በተመለከተ፣ የስሌት ማዕከል ዲስክ ጎተራ ሳይሆን አውድማ ነው፤ ለጊዜያዊ ሥራ የተሰጠ ቦታ በተወሰኑ ቀናት ውስጥ ካልተነካ በራሱ ይጸዳል። ዳታዎን በሦስት ቅጂ፣ አንዱን ከደብረ ብርሃን ውጭ ያኑሩ። ሲታተም የውጤት ሠንጠረዦችዎን ዜኖዶ በተባለው የምርምር ዳታ ማኖሪያ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ማስቀመጥ ይችላሉ፤ ለአንድ ማኅደር 50 ጊጋባይት ስለሚፈቅድ ጥሬው ንባብ ግን ለዘረ መል ዳታ ወደተቋቋሙት ዓለም አቀፍ መዝገቦች ይሄዳል። ከዚያ በፊት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የጄኔቲክ ሀብት አርክቦት (ሀብቱን አግኝቶ የመጠቀም) ፈቃድዎ ምን እንደሚፈቅድ ከኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ጋር ያረጋግጡ፤ ይህን ጉዳይ ለመጨረሻ ቀን ያቆየ ሰው ጽሑፉ ሲታገድበት አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያዬ በመንዝ የሚገኘውን የጓሳ አካባቢ የሣር ሽፋን ለውጥ በሳተላይት ምስል አጠናለሁ። ምስሎቹን ሌሊት ሌሊት እያወረድኩ ሁለት ፍላሽ ሞላሁ፤ ላፕቶፔም አልቻለውም። ማከማቻ ከማን ልለምን?
ተማሪ ነኝ፣ ከመሐል ሜዳ

መልስ፦ ማውረዱን ያቁሙ። ለንግድ ላልሆነ ምርምር በነፃ የሚሰጠው ጎግል ኧርዝ ኢንጂን ምስሎቹንም ስሌቱንም በራሱ ሰርቨር ላይ ይይዛል፤ እርስዎ የሚልኩት ጥቂት መስመር ትእዛዝ፣ የሚያወርዱትም የተጠናቀቀውን ካርታ ብቻ ነው። ከ1984 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያሉትን ባለ 30 ሜትር (የምስሉ አንዱ ነጥብ በመሬት ላይ የሚሸፍነው ጎን) የላንድሳት ሳተላይት ምስሎችና ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያሉትን ባለ 10 ሜትር የሴንቲኔል 2 ምስሎች በአንድ ቦታ ያገኛሉ። የክረምቱ ደመና የመንዝን ደጋ ስለሚሸፍነው ዓመትን ከዓመት ሲያነጻጽሩ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት የተነሡትን ብቻ ይምረጡ፤ አለበለዚያ የወቅት ልዩነት የሽፋን ለውጥ መስሎ ይታይዎታል።