ማታ ዘጠኝ ሲባል የትኛው ዘጠኝ ነው? ስለ ሚኒያፖሊስ ስኖው ኢመርጀንሲ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ራሴን አየሁበት። ከዳላስ ወደ ሚኒያፖሊስ ከመጣሽ ሁለት ወርሽ ነው። አፓርታማሽ ፓርኪንግ ስለሌለው መንገድ ላይ ነው የምታቆሚው። ስኖው ኢመርጀንሲ (ከተማው በረዶ ለመጥረግ መንገድ ላይ መኪና ማቆምን በየተራ የሚከለክልበት አዋጅ) በታወጀበት ሌሊት ጠራጊው መኪና ሲያልፍ በመስኮት አይተሽ ወርደሽ አቆምሽ፣ ጠዋት መኪናሽ የለችም። «ከተጠረገ በኋላ አይደል ያቆምኩት? ደግሞስ ሙሉና ጎዶሎ የሚሉት የታርጋ ነው የቤት?» ብለሻል።

እዚህ ስምንት ዊንተር አሳልፌያለሁ። ሁለቴ ተጎትቶብኛል፣ ሁለቱም በራሴ ጥፋት።

መጀመሪያ ስለ ሰዓቱ። ከዚህ በታች የምጽፈው በሀበሻ ሰዓት ነው፣ ምክንያት አለኝ። በመጀመሪያው ዊንተሬ አብሮኝ ይኖር የነበረው ልጅ ከሥራ ደውሎ «መኪናህን ከማታ ዘጠኝ በፊት አንሳ» አለኝ። እሱ የፈረንጁን ዘጠኝ ማለቱ ነው። እኔ የገባኝ የሌሊቱ ዘጠኝ። ለስምንት ተኩል አላርም ሞልቼ ተኛሁ። ፒጃማ ላይ ጃኬት ደርቤ፣ ነጠላ ጫማ አጥልቄ ስወርድ መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ባዶ ነው። ቁልፉን ደጋግሜ ተጫንኩ፤ የሚጮህ መኪና የለም። ተሰረቅኩ ብዬ ፖሊስ ልጠራ ስል ጠራጊው መብራቱን እያብለጨለጨ መጥቶ በረዶውን እስከ ጉልበቴ ለቀቀብኝ። ያኔ ነው የገባኝ።

አዋጁ የሚነገረው እስከ ማታ 12 ሰዓት ድረስ ነው። አንደኛው ቀን የሚሉት እንዲያውም ሌሊት ነው፤ በዚያው ዕለት ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2። ያኔ የሚከለከሉት የስኖው ኢመርጀንሲ መንገዶች ናቸው፣ ግራም ቀኝም። ጥግ ላይ ያለው የስም ሰሌዳቸው ሰማያዊ ነው፣ ቀይ ምልክትም አላቸው። ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን ሁለተኛው ቀን ይገባል። እስከ ምሽቱ 2 ድረስ በተቀሩት መንገዶች ሙሉ ቁጥር ባለው በኩል አይቆምም፤ ፓርክዌዮቹ (በፓርክ በኩል የሚያልፉት መንገዶች) ላይ ደግሞ በሁለቱም በኩል። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ተራው የጎዶሎው ነው። ሰኞ ከታወጀ ሙሉው ማክሰኞ፣ ጎዶሎው ረቡዕ ይጠረጋል ማለት ነው። ቅዳሜና እሁድ ብሎ ነገር የለም።

ቁጥሩ የቤት ነው። በኮሮና ጊዜ አዲስ አበባ የነበረ ሰው ታርጋ ቢመስለው አይፈረድበትም። ግን ጥግ ላይ ያለ ሕንፃ ያታልላል። ያንቺ አድራሻ ሙሉ ቁጥር ስለሆነ ብቻ ዞር ብሎ ያለው መንገድም ሙሉ ነው ማለት አይደለም። መኪናሽ የቆመችበት መንገድ ላይ ያሉትን በሮች እዪ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። «ተጠርጓል» የሚባለው መንገዱ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሲጠረግ ነው። ጠራጊው አንዴ አልፎ አይጨርስም። መጀመሪያ መሃሉን ይከፍታል፣ በረዶውን ወደ ዳር ይገፋል፣ ከዚያ ዳሩን ሊያነሳ ይመለሳል። አንቺ ያየሽው የመጀመሪያውን ዙር ይመስለኛል። ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ሥር በረዶ ተቆልሎ ካለ ገና ነው፤ ጎማሽ ከጠርዙ ርቆ ከቀረም እንደዚያው። አስፋልቱ እስከ ጠርዙ ከታየ ሰዓቱ ባያልቅም ማቆም ትችያለሽ። ጎረቤት አቁሟል ብለሽ ግን እንዳትከተዪ። እሱም አንቺን አይቶ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ጉተታዬ የገና ዋዜማ ነበር። ስልኬን አጥፍቼ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ፣ አዋጁን ሳልሰማ። ከቅዳሴ ስንወጣ ነጠላ የለበሰ ሰው ሁሉ መኪናውን ፍለጋ ላይ ነው። እኔ መኪናዬን ያገኘሁት ኢምፓውንድ ሎት፣ የተጎተቱ መኪኖች የሚቀመጡበት ግቢ ነው። መጎተቻው ሌላ፣ ቲኬቱ ሌላ፣ ማደሪያው ደግሞ በየቀኑ ይቆጥራል። ስለዚህ ያንቺን ዛሬውኑ አውጪ፣ ክርክሩ በኋላ ይደርሳል።

አንድ ሌላ ክልከላም አለ፣ ከዚህ ጋር አይምታታብሽ። በረዶው ተከምሮ መንገዱ ሲጠብና የእሳት አደጋ መኪና አላልፍ ሲል፣ ከተማው ሙሉ ቁጥር ባለው በኩል ማቆምን እስከ ኤፕሪል 1 ሊከለክል ይችላል። በ2023 አድርጎታል። እሱ ተጠረገ ተብሎ አያበቃም። ወንዙን ተሻግረሽ ሴይንት ፖል ስታድሪ ደግሞ ይህን ሁሉ እርሺው፤ እዚያ የሌሊትና የቀን መንገድ ብለው ነው የሚከፍሉት። የሌሊቱ ከምሽቱ 3 እስከ ንጋቱ 12፣ የቀኑ ከጠዋቱ 2 እስከ ከሰዓት 11።

የከተማው የስኖው ኢመርጀንሲ ስልክ 612-348-7669 ነው። በረዶ በጣለ ቁጥር ማታ 12 ሰዓት ላይ ደውዪ። የመንገድሽን ስም ብትጽፊልኝ ሰሌዳው ሰማያዊ መሆኑን ሳልፍ አይቼ እነግርሻለሁ። የቤት ቁጥርሽን ግን እዚህ አትጻፊ፤ ሙሉ ወይም ጎዶሎ ካልሽኝ ይበቃል።