«ዝናቡን ማን ዋስ ይሆነኛል?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ጎንደር፣ ማራኪ ነው የምኖረው። ባጃጅ እነዳለሁ። አባቴ በለሳ ገበሬ ነው። ዘንድሮ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ እንዲገዛበት ዕቁብ ሲደርሰኝ ብሩን ላክሁለት። ለግንቦት ልደታ ስወርድ ግቢው ውስጥ ሁለት ፍየል ታስሮ አገኘሁ። ዘርም የለ፣ ማዳበሪያም የለ። ለምን ስለው «ዝናቡን ማን ዋስ ይሆነኛል?» አለኝ። ጎረቤቱ ጎተራውን ሲሞላ እሱ አራት ቦታ በተበጣጠሰች መሬቱ ላይ ያንኑ የድሮ ማሽላ ይዘራል። ሰው እንዲህ ይፈራል? ምን ብዬ ላሳምነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በፍየሎቹ እንጀምር። አባትህ ብርህን አላባከኑም። ዝናብ ሲቀር ፍየል ገበያ ወጥታ እህል ትሆናለች። ማዳበሪያ አንዴ መሬት ከገባ ተመልሶ አይሸጥም። (ድርቁ ሲከፋ ሁሉም ከብቱን እኩል ያወጣና ዋጋው ይወድቃል። ይህንን ከእኔም ካንተም ይልቅ እሳቸው ያውቁታል።)

እኔም እንዳንተ «ፈሪዎች» እል ነበር። ልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሳለሁ፣ በ2007 ክረምት፣ አንድ ጠንቃቃ ገበሬ ወጥሬ ይዤ ማዳበሪያ በዱቤ አስወሰድሁት። የኤልኒኞ ዓመት ነበር። ጤፉ ነሐሴ ላይ ቁርጭምጭሚት አልፎ ሳለ ዝናቡ ተቆረጠ። ጠዋት ጤዛ ይዞ አረንጓዴ ይመስላል። እኩለ ቀን ላይ ስትሄድ ጫፉ ገለባ ሆኗል። እዳው ግን አልደረቀም። ጥር ላይ አንዱን በሬ ሸጦ ከፈለ። በተከታዩ ክረምት ባንድ በሬ ቀረ። የሚቀናጀው ጎረቤት የራሱን አርሶ እስኪጨርስ ሲጠብቅ የዘር ጊዜው አለፈው። አንድ ክፉ ክረምት ሁለት ዓመት በላበት ማለት ነው። የእኔ ደመወዝ ግን አንድም ወር አልቀረችብኝም።

ስቴፋን ደርከንና ሉክ ክሪስቲያንሰን የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች የአገራችንን ገበሬዎች መረጃ አገላብጠው እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ጥናት አለ። ገበሬውን ከማዳበሪያ የሚያርቀው የገንዘብ እጥረት ብቻ አይደለም ይላል። መከሩ ቢከሽፍ ቤተሰቡ ምን ይበላል የሚለው ስጋትም ነው። አባትህ ከ60 ካለፉ ደግሞ የ77ቱን ረሃብ በወጣትነታቸው አይተዋል። እሱን ባጃጅ ላይ ሆነህ አታየውም።

የተበጣጠሰችውን መሬትም አትናቃት። በረዶ አንዷን ቢመታ ሦስቱ ይተርፋሉ። ማሽላ ሚያዝያና ግንቦት ይዘራል። ካልያዘ ይገለበጥና ሐምሌ ላይ ጤፍ ይገባል። ጤፉም ከከዳ ዋልካው (ውሃ የሚይዘው ጥቁር አፈር) ላይ በቀረችው እርጥበት ሽንብራ ይዘራል። ይኸ ሦስት ጊዜ የሚሞከር ሎተሪ ነው። ቀድሞ በማዳበሪያ ገንዘቡን የጨረሰ ሰው ሁለተኛውን መሞከሪያ በምን ይገዛል?

ጓያን ታውቀዋለህ። ዝናብ ቢጎድል አይሞት፣ ውሃ ቢተኛበት አይሞት። ግን ለወራት እሱን ብቻ የበላ እግሩ ሽባ ሊሆን ይችላል። ደንቢያ ሜዳ ላይ በዱላ የሚሄዱ ሰዎች አይቻለሁ። ገበሬ ይህንን እያወቀ ጓያ የሚዘራው ቢያንስ እንደማይከዳው ስለሚያውቅ ነው።

እንዲህም ሆኖ አባትህ በሁሉም ልክ ናቸው አልልህም። በደግ ዓመት ጥንቃቄያቸው ብዙ ኩንታል ያስቀርባቸዋል። የጎረቤታቸው ጎተራ ምስክር ነው። ግን በክርክር አታሸንፋቸውም፣ አትሞክረው።

ዋስ ነው የጠየቁህ፣ ዋስ ሁናቸው። ከአራቱ መሬት ውሃ የምትይዘውን አንዷን ቁራሽ ምረጡ። የዘሩም የማዳበሪያውም ወጪ ያንተ ይሁን። ከከሸፈ አንድ ብር አትጠይቅም፣ ከያዘ ምርቱ የእሳቸው ነው። ይህንንም እናትህ ባሉበት ንገራቸው። ከማዳበሪያው ዩሪያውን ባንዴ አትጨርሱት። ግማሹን አቆዩና ዝናቡ መያዙ ሲታይ፣ መሬቱ ርጥብ ሳለ ጨምሩት። ካልያዘ ግማሹ ለከርሞ ይቀመጣል። እርጥበት እንዳያገኘው ብቻ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

ፍየሎቹን ሽጥ እንዳትላቸው።