ስለ ቤት ኪራይ አዋጁ ለቀረበው ጥያቄ፤ ተከራይም አከራይም ሆኜ ካየሁት

ጠያቂው ወንድማችን፣ ሁለት ነገር አንድ ላይ አንሥተዋል። አንደኛው፣ አከራይዎ በወረዳ በሚመዘገበው ውል ላይ በየወሩ ከሚከፍሉት ያነሰ ኪራይ እንዲጻፍ ስለ ጠየቁዎት ይፈርሙ ወይስ አይፈርሙ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የሥራ ባልደረባዎ «መንግሥት በሰው ቤት ዋጋ የመግባት መብት የለውም፤ አዋጁ የንብረትንም የውልንም ነጻነት ይጥሳል» ማለታቸው ትክክል ነው ወይ የሚል ነው። እኔ በአዲስ አበባ ለረጅም ዓመታት ተከራይቼ ኖሬያለሁ፤ እናቴ በዕድሜ ከገፉ ወዲህ ደግሞ በግቢያቸው ያሉትን ሰርቪስ ቤቶች የማከራየው እኔ ነኝ።

ዝቅ ያለውን ዋጋ አይፈርሙ። አከራይዎ ይህን የሚጠይቁት በአብዛኛው የኪራይ ገቢ ግብርን ፈርተው ነው፤ ግብሩ እንደ ገቢው መጠን እስከ 35 በመቶ ስለሚደርስ ፍርሃታቸውን እረዳለሁ። ይሁን እንጂ ከተጻፈው በላይ በእጅ የሚሰጡት ገንዘብ ምንም ማስረጃ የለውም። ነገ አለመግባባት ቢፈጠር አከራይዎ የወረቀቱን ውል ትተው የቃሉን ስምምነት ያነሣሉ፣ እርስዎም ሐሰት መሆኑን እያወቁ የፈረሙትን ሰነድ ይዘው ለመከራከር ይገደዳሉ። በመጋቢት 2016 የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ኪራይ በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዘዘው ለዚህ ዓይነቱ ክርክር ማስረጃ እንዲኖር ይመስለኛል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስመጣ፣ የባልደረባዎን ሐሳብ በቀላሉ የሚጣል አድርጌ አላየውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የኪራይን መጠን በመሠረቱ ለተዋዋዮቹ ስምምነት የተወ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የግል ንብረት ባለቤትነትን ያረጋግጣል፤ ነገር ግን ያው አንቀጽ ይህ መብት ለሕዝብ ጥቅም ሲባል በሕግ ሊገደብ እንደሚችል አብሮ ይናገራል። ስለዚህ ክርክሩ መንግሥት ገደብ የማበጀት ሥልጣን አለው ወይ በሚለው ላይ ብዙ የሚቆይ አይደለም፤ የተበጀው ገደብ የታሰበለትን ጥቅም ያስገኛል ወይ ወደሚለው ይሄዳል።

በዚህ ረገድ አገራችን የራሷ የሆነ ረጅም ልምድ አላት። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት ሲያደርግ፣ አነስተኛ ኪራዮችን ከ15 እስከ 50 በመቶ ቀንሶ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩትን ቤቶች በቀበሌ እጅ አስገባ። በቀበሌ ቤት ያደገ ሰው ሁለቱንም ውጤት ያውቃል። በአንድ በኩል ማንም «ውጣ» ሳይለው ልጅ ወልዶ፣ አሳድጎ፣ ድሮ ለቅሶ የሚደርስባቸውን ጎረቤቶች ሳይለይ ኖረ። በሌላ በኩል ኪራዩ በዚያው መጠን ለአሥርተ ዓመታት ስለ ቆየ ጣሪያውን የሚያድስ፣ ግድግዳውን የሚያቆም ገንዘብ ከየትም አልተገኘም፤ ግለሰብ ቤት ሠርቶ ማከራየት ስለ ተከለከለም ሕዝቡ ሲበዛ ቤቱ አብሮ አልጨመረም። ከዚህ የምረዳው የኑሮ ዋስትናና የዋጋ ገደብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው፤ የመጀመሪያው ሰውን ጠቅሟል፣ ሁለተኛው ከዓመት ዓመት ቤቱን ጎድቷል።

አዲሱ አዋጅም ሁለቱን አብሮ ይዟል። ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ የቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ የሚሉት ድንጋጌዎች የዋስትናው ወገን ናቸው። የኪራይ ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን እንዲሆን የሚለው ደግሞ የዋጋው ወገን ነው። የመጀመሪያውን ያለ ማመንታት እደግፋለሁ። ሁለተኛው ግን በጥንቃቄ ካልተሠራበት ያሳስበኛል። አዋጁ ከጸደቀ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በሐምሌ 2016፣ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ከዚያ ወዲህ የቧንቧ ዕቃ፣ የኤሌክትሪክ ገመድና የሴራሚክ ዋጋ ምን ያህል እንደ ጨመረ በእናቴ ግቢ ያደረግሁት ጥገና አሳይቶኛል። ተቆጣጣሪው የሚፈቅደው ጭማሪ ከጥገና ወጪው እጅግ ወደ ኋላ ከቀረ፣ አከራዩ ጥገናውን ይተዋል፤ ወይም ቤቱን ለቢሮና ለእንግዳ ማረፊያ ያውለዋል፤ ወይም ደግሞ እንደ እርስዎ አከራይ ሁለት ዋጋ ይዞ ይቀርባል። እኔ ብወስን ጭማሪው በየዓመቱ ከታወቀው የዋጋ ንረት ጋር እንዲያያዝ፣ በትክክለኛ ዋጋ ላስመዘገበ አከራይም የገቢ ግብሩ እንዲቀነስ አደርግ ነበር።

ባልደረባዎ ግን ስለ ነጻነት ሲናገሩ የተከራዩን ነጻነት የዘነጉት ይመስለኛል፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚቆረቁረኝ ይህ ነው። ውል ሳይኖረኝ በተከራየሁባቸው ዓመታት «ወንድሜ ከአሜሪካ ሊመጣ ስለሆነ ቤቱን እፈልገዋለሁ» የሚል ስልክ በማንኛውም ወር መጨረሻ ሊደወልልኝ ይችል ነበር፤ ተደውሎልኝም ያውቃል። እኔ ከወጣሁ በኋላ ቤቱ በከፍተኛ ዋጋ ለሌላ ሰው ተከራየ። ነገሩ ከገንዘቡም ያለፈ ነው። እንዲህ ባለ ስጋት የሚኖር ሰው በር በስንት ሰዓት እንደሚዘጋበት፣ እንግዳው ማደር አለማደሩን፣ ውኃ በየትኛው ቀን እንደሚቀዳ አከራዩ ሲወስንበት አፍ አውጥቶ አይከራከርም። አንዲት ጎረቤቴ እኅቷ አራስ ሆና ብትመጣባት አከራይዋን እስከ ማስፈቀድ ደርሳለች። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የሰው የግል ሕይወትና መኖሪያ እንዲከበር ሲደነግግ የቤቱ ካርታ በማን ስም እንደ ሆነ አይጠይቅም። የሁለት ዓመት ውል በእጁ ያለ ተከራይ ልጁን አንድ ትምህርት ቤት አስገብቶ ማስጨረስ ይችላል፣ ሥራውን በአቅራቢያው ይፈልጋል፣ ያልተስማማበትንም «አልስማማም» ይላል። ደላላ በየዓመቱ የሚወስደው ኮሚሽንም ይቀርለታል።

አከራይ ሆኜ ስናገር ደግሞ፣ ውሉ እኔንም ጠቅሞኛል። ያስመዘገብናቸው ተከራዮች ኪራዩን በባንክ ስለሚያስገቡ በወሩ መጀመሪያ እናቴ በር ላይ ቆመው የሚጠይቁበት ነገር ቀርቷል፤ የመብራትና የውኃ ቆጣሪ ክፍያ በምን መልኩ እንደሚከፋፈል በውሉ ላይ ስለ ጻፍነውም ጭቅጭቁ ጠፍቷል። ግብሩ መክበዱ እውነት ነው፤ ቢሆንም የሚሰወር ነገር ስለሌለን ተከራዮቻችንን አንፈራም፣ እነርሱም አይፈሩንም።

ከአከራይዎ ጋር ሲነጋገሩ በክስ ማስፈራሪያ አይጀምሩ። ዕድሜያቸው የገፋ ከሆነ የሚያምኑትን ልጃቸውን ወይም የሰፈር ሽማግሌ አስቀምጠው፣ ትክክለኛው ዋጋ ቢጻፍ ለእርሳቸውም የሚከፈላቸውን ገንዘብ በሕግ ለመጠየቅ እንደሚያስችላቸው ያስረዷቸው። ከተስማሙ በውሉ ላይ ከኪራዩ በተጨማሪ ጥገና በማን እንደሚሸፈን፣ ቆጣሪው የሚያነበውን ቁጥር፣ የበሩን ቁልፍ ብዛትና የቤቱን ይዞታ በዝርዝር አስገቡ። የእስካሁኑን ክፍያ በባንክ ፈጽመው ከሆነ የዝውውር ማስረጃዎቹን ከባንክዎ አስወጥተው ያስቀምጡ፤ አከራይዎ በትክክለኛው ዋጋ ለማስመዝገብ እምቢ ካሉ ወደ ወረዳው ሲሄዱ ትክክለኛውን ኪራይ የሚያሳዩልዎት እነርሱ ናቸው።