ሞተሩን ከመግዛትዎ በፊት ስዊቹን ይክፈቱት

ጥያቄ፦ የ1998 ሞዴል ኮሮላ አለኝ፤ የምኖረው አዳማ ነው። ፈጣን መንገዱ ላይ ክፍያ ለመፈጸም የሾፌሩን መስታወት አውርጄ አልወጣ አለኝና አቧራ እየጠጣሁ ገባሁ። ደጋግሜ ስጫነው አንዳንዴ ትንሽ ይነሳል። የኋላ ቀኙ ደግሞ ከእኔም በኩል ከራሱ በርም አይሠራም። ያየልኝ ባለሙያ «የሁለቱም መስታወት ሞተር ተቃጥሏል፣ ይቀየር» ብሎኛል። ልቀይር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገንዘብዎን አሁን አያውጡ። የሾፌሩ ሞተር እንዳልተቃጠለ የጻፉት ምልክት ራሱ ይናገራል። ይህ ሞተር የሚሠራው በሁለት ሽቦ ነው፤ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ቦታ ሲለዋወጡ መዞሪያውን ይቀይራል። መስታወቱን ማውረድ የቻለ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ደህና ነው። ማውጣት ያቃተው ብዙውን ጊዜ ወይ በዚያ አቅጣጫ ኤሌክትሪክ ስለማይደርሰው ነው፣ ወይ መስታወቱ በሚሄድበት የበሩ ጎማ ውስጥ ተይዞ ስለከበደው።

ሁለቱን ለመለየት ሲመሽ የመኪናውን ሞተር ሳያስነሱ ቁልፉን ይክፈቱ፤ የጣሪያውን መብራት አብርተው የማውጫውን ስዊች ይጫኑ። መብራቱ ደብዘዝ ካለ ኤሌክትሪኩ ሞተሩ ጋ ደርሷል፣ የተያዘው መስታወቱ ነው። መብራቱ ንቅንቅ ካላለ ግን መስመሩ ተቋርጧል። ደጋግመው ሲጫኑ አንዳንዴ ስለሚነሳልዎ፣ እኔ አስቀድሜ የምጠረጥረው የስዊቹን ኮንታክት፣ ማለትም ሲጫኑት ውስጥ የሚነካኩትን የብረት ጫፎች ነው።

የኋላ ቀኙን በተመለከተ መጀመሪያ የሾፌሩ በር ላይ ያለውን የመስታወት መቆለፊያ ቁልፍ ይዩ፤ ሳይታወቅ ተጭኖ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ቁልፉ ክፍት ከሆነ አሁንም ወደ ሾፌሩ ስዊች ይመለሱ። በብዙ የቶዮታ ሞዴሎች የኋላው መስታወት ከራሱ በር ሲታዘዝ እንኳ ኔጋቲቩን የሚያገኘው በሾፌሩ ስዊች በኩል አልፎ ነው። ስለዚህ የሾፌሩ ስዊች ሲቆሽሽ የኋላው በር ምንም ሳይበላሽ ዝም ይላል። ሁለት ሞተር ተቃጠለ የተባሉት አንድ ስዊች ብቻ ሊሆን ይችላል።

ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ካለዎት በሞተሩ ሶኬት ላይ ይለኩ፤ ነገር ግን ሶኬቱን ነቅለው አይለኩ። ሶኬቱ ተነቅሎ ሲለካ የቆሸሸ ኮንታክትም 12 ቮልት ያሳያል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እንደተሰካ፣ ስዊቹ ተጭኖ 8 ወይም 9 ቮልት ካገኙ ቀሪው መንገድ ላይ እየጠፋ ነው። ሙሉ ቮልት እየደረሰው ካልዞረና መስታወቱም ካልተያዘ ያን ጊዜ ሞተሩ ይጠርጠር። በሩን ሲከፍቱና ሲዘጉ የሚሠራና የሚያቆም ከሆነ ደግሞ በሩና ቦዲው መካከል ባለው ጎማ ውስጥ የሚያልፈው ሽቦ ተበጥሷል።

ስዊቹን ለመክፈት የባትሪውን ኔጋቲቭ ይንቀሉ። ጫፉ በጨርቅ በተጠቀለለ ካቻቢቴ የስዊቹን ክዳን ከበሩ ቀስ ብለው ያንሱ፤ የሶኬቱን ምላስ ተጭነው ይንቀሉት፤ ሽቦውን ይዞ መጎተት የለም። የስዊቹን ሳጥን ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጠው ይክፈቱ፤ ትናንሽ ስፕሪንጎች ስለሚፈናጠሩ በየደረጃው በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ኮንታክቶቹ ጠቁረው ያገኟቸዋል። ስዊቹ በተለቀቀ ቁጥር የሚፈነጥቀው ብልጭታ ነው ያጠቆራቸው። በተለይ መስታወቱ ጫፍ ደርሶ ከቆመ በኋላ ጣት ሳይነሳ ሲቀር ሞተሩ የሚስበው ኃይል በጣም ከፍ ስለሚል ጉዳቱ ይበረታል።

ጥቁሩን በእርሳስ ላጲስ ቀስ አድርገው ያሹት፤ ከዚያ በኮንታክት ክሊነር ወይም በንጹህ አልኮልና በጥርስ ብሩሽ ያጽዱት። ሞረድና ሻካራ ብርጭቆ ወረቀት አያስጠጉ፤ ላዩ ላይ ያለውን ስስ ልባጥ ይፍቁትና ከወር በኋላ የባሰ ይጠቁራል። ሳይከፍቱ በቀዳዳው ዘይትነት ያለው ስፕሬይ መንፋትም ጉዳት ነው፤ ለሳምንት ያሠራና የቀረው ቅባት አቧራ ይሰበስባል። ኮንታክቱ ተበልቶ ከጎደጎደ ማጽዳት አያድነውም፣ ስዊቹን ይቀይሩ። ያገለገለ ከገዙ ከሱቁ ሳይርቁ ሶኬቱ ላይ ሰክተው ሁሉንም መስታወት ይሞክሩ። መኪናዎ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ከሆነ የሽቦውን ቀለም አይመኑ፤ መስመሩን በቴስተር እየተከተሉ ያግኙት።

አሁን ዋናው ነገር። ስዊቹ ለምን ተቃጠለ? የአዳማ ነፋስ የሚያመጣው አቧራ የመስታወቱ መሄጃ ጎማ ውስጥ ይገባል፤ ፀሐዩም ጎማውን ያደርቀዋል። መስታወቱ በከበደ ቁጥር ሞተሩ ብዙ ኃይል ይስባል፣ ያ ሁሉ የሚያልፈው ደግሞ በእነዚያ ትናንሽ ኮንታክቶች ነው። ጎማውን ሳያጸዱ አዲስ ስዊች ቢገጥሙ እሱም ያው ይጠቁራል። መስታወቱን አውርደው ጎማውን በሳሙናና በእርጥብ ጨርቅ ጥርት አድርገው ይጥረጉ፤ ሲደርቅ የሲሊኮን ስፕሬይ ይንፉበት። የሞተር ዘይትና ግሪስ ግን አይሆንም፤ ጎማውን ያሳብጠዋል፣ አቧራም ያጣብቃል። እንዲህ ያለውን ጽዳት በየበጋው ቢደግሙት ደስ ይለኛል።

ሌላው የምለምንዎ ፊውዙን ነው። ከተቃጠለ በዚያው አምፔር ይተኩት እንጂ በሽቦ አያያይዙ፣ ከፍ ያለም አያስገቡ። በሩ ውስጥ ያለው ሽቦ ግሎ እሳት ሊነሳ ይችላል።

ክዳኑን ከመግጠምዎ በፊት ባትሪውን አስረው አራቱንም መስታወት ከሾፌሩ በኩል፣ ከዚያም ከየበሩ ይሞክሩ። እንደ እርስዎ ባለ የቆየ ሞዴል መኪና ጣት ቢያዝ መስታወቱን ወደ ኋላ የሚመልስ ነገር ላይኖር ስለሚችል ሲሞክሩ ልጆች ከመኪናው ይውረዱ። የበሩን ልባስ ከፈቱም ከጀርባው ያለውን ላስቲክ ሳይቀዱ መልሰው ይለጥፉት።