«የማንን ልስማ?» ላልሽኝ እህቴ

እህቴ፣ በኮሪያ መንግሥት ስኮላርሺፕ ሴኡል ማስተርስሽን ጨርሰሽ እዚያው በአንድ የአሜሪካ ኩባንያ ቅርንጫፍ ሥራ በመጀመርሽ እንኳን ደስ አለሽ። አሜሪካዊው ሥራ አስኪያጅ «ስብሰባ ላይ ዝም ትያለሽ» ብሎ ገመገመሽ። በሳምንቱ ሐሳብ ስታቀርቢ ደግሞ ኮሪያዊው ቲም ሊደርሽ ፊቱን አጠቆረብሽ። «የማንን ልስማ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

ቲም ሊደርሽን ያስከፋው ሐሳብሽ አይመስለኝም፤ አለቃው ፊት እንደ ማንም ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቱ ነው። በብዙ የኮሪያ መሥሪያ ቤቶች ጉዳዩ የሚያልቀው ከስብሰባው በፊት ነው፤ በቡና ሰዓት፣ በየጠረጴዛው፣ አንዳንዴም «ሆዬሺክ» በሚሉት የማታ የሥራ ባልደረቦች ማዕድ ላይ። ስብሰባው የተስማሙበትን ማጽደቂያ ነው። ለአሜሪካዊው ግን ስብሰባው ራሱ ማሰቢያ ነው፤ ያልተናገረ ሰው ሐሳብ እንደሌለው ይቆጠራል። ስለዚህ በዋዜማው ቲም ሊደርሽ ዘንድ ሂጂና «ነገ ይህን ላነሳ አስቤያለሁ፤ እርስዎ ምን ይላሉ?» በዪው። በማግስቱ ሳትፈሪ ተናገሪ።

በአንቱታ ስላደግን የኮሪያ ደንብ ቶሎ የገባን ይመስለናል። ብዙ ልጆቻችን የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ይሉኝታ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ራስን መያዝ ነው። ኮሪያውያን «ኑንቺ» የሚሉት ደግሞ የሌላውን ፊትና ድባቡን አንብቦ፣ ሳይነገሩ ማድረግ ነው፤ ጎበዙን «ኑንቺው ፈጣን ነው» ይሉታል። አንገት ደፍቶ መቀመጥ እነሱም ዘንድ አያስመሰግንም።

ዕድሜሽን ሲጠይቁሽ አትከፊ፤ በየትኛው የአክብሮት ደረጃ እንደሚያናግሩሽ ለመለየት ነው። ደግሞ ሁሉም ቤት አንድ አይደለም። ሲጄ የተባለው የኮሪያ ኩባንያ ገና በ2000 እ.ኤ.አ. የማዕረግ መጠሪያን ትቶ ሠራተኛው ሁሉ በስሙ ላይ «ኒም» የሚለው የአክብሮት ቃል ተጨምሮለት እንዲጠራ አድርጓል። የአንቺም ቢሮ ሰዎች እንዴት እንደሚጠራሩ ልብ ብለሽ ስሚ።

ስለ አሜሪካዊውም አንድ ነገር ልጨምር። በግልጽ ይናገራሉ ቢባልም ወቀሳቸውን በምስጋና ይጠቀልሉታል። «ግሩም ሥራ ነው፤ ምናልባት ይህን ብታዪው» ካለሽ ትእዛዙ «ምናልባት» ካለው በኋላ ያለው ነው። የስብሰባውን አጀንዳ ከአንድ ቀን በፊት እንዲልክልሽም ጠይቂው፤ ከቲም ሊደርሽ ጋር የምትመክሪበት ጊዜ ታገኛለሽ።