የማን አባት ነኝ ልበለው?

ባለፈው እሁድ አንድ የሰፈራችን ልጅ ሲቪውን በክላሰር ይዞ ቤቴ መጣ። የምንኖረው ፉሪ ነው። አዲስ አበባ አልቃ ሸገር ከተማ የሚጀምርበት፣ የታክሲ ረዳቱ «መጨረሻ!» ብሎ የሚያወርደን ቦታ። ልጁ አካውንቲንግ ተመርቋል። እኔም ዕድሜዬን በሒሳብ ሥራ ስለጨረስኩ «ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ይዩልኝ» አለ። ውጤቱ ጥሩ ነው። ስሙ ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። እናቱ በአጥር በኩል ስትጠራው የምሰማው ስም ሌላ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ሌላ። «ሳሚ» ይላል።

«ምነው?» አልኩት።

«ለኢንተርቪው እንኳን ልጠራ ብዬ ነው።»

አልተቆጣሁትም። ምን አፍ አለኝ? ይህን ደብዳቤ ለእሱም ለእኩዮቹም የምጽፈው ስለዚሁ ነው።

ሥራ የጀመርኩት በ1984 ዓ.ም. ነው። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም። ስሜ በ«አብዱል» ይጀምራል። አለቃዬ በመጀመሪያው ሳምንት «ይሄ ለደንበኛ ይረዝማል፤ አቤ እንበልህ» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ከቢሮው ሁሉ ለዒድ እንኳን አደረሰህ የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር። እኔም ሳቅ ብዬ ተቀበልኩ። እዚያው ክፍል ውስጥ ገብረ እግዚአብሔር የሚባል ባልደረባ ነበረኝ። ፊደሉን ብትቆጥሩት ከኔ ይበልጣል። የሱን ስም ግን ማንም ረዘመ አላለም። ይህን ያስተዋልኩት ከዓመታት በኋላ ነው።

ስድስት ዓመት «አቤ» ሆኜ ሠራሁ። በስድስተኛው ዓመት ረመዳን ላይ የሒሳብ መዝጊያ ደረሰና ማምሸት ጀመርን። አባቴ መርካቶ ልብስ ሰፊ ነበር። ማምሸቴን ሰምቶ ማፍጠሪያ ይዞልኝ መጣ፤ ሳምቡሳና ቴምር፣ በፌስታል። በር ላይ ሙሉ ስሜን ነግሮ አስጠሩልኝ አለ። ጥበቃው «እንዲህ የሚባል ሠራተኛ እዚህ የለም» አለው። እውነቱን ነው፤ እሱ የሚያውቀው አቤን ነው። አባቴ ተመለሰ። እኔ ፎቅ ላይ በውኃ አፈጠርኩ።

ማታ ቤት ስገባ ፌስታሉ እንደተቋጠረ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ዘይቱ ወረቀቱን አርሶታል። «አባቱ ነኝ ብትለው ይፈልገኝ ነበር እኮ» አልኩት።

«የማን አባት ነኝ ልበለው?» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ይህ ሰው ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ለሙስሊሞች እኩልነት ሰልፍ የወጣ ነው። እኔ ያኔ የ10 ዓመት ልጅ ነበርኩ። አዲስ አበባ ላይ በ100,000 የሚገመት ሰው ወጣ፤ ብዙ ክርስቲያኖችም አብረው ነበሩ። ከጥያቄዎቹ አንዱ የመጠሪያ ጥያቄ ነበር። መንግሥት እስከዚያ ድረስ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ነበር የሚለን፤ እንደ ተከራይ። «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ነን» አሉ። ዒድ አልፈጥር፣ ዒድ አልአድሐና መውሊድ የሕዝብ በዓል የሆኑት ከዚያ በኋላ፣ በደርግ ዘመን ነው። አባቴ ለስም ሰልፍ ወጣ፤ እኔ ደግሞ ስሜን ለደንበኛ ምቾት ብዬ በነፃ ሰጠሁ።

እንግዲህ ልጆች፣ ጥላቻ ሁልጊዜ ስድብ ሆኖ አይመጣም። ብዙ ጊዜ ቀልድ ሆኖ፣ ሲብስም ደግነት ሆኖ ይመጣል። አንድ ስብሰባ ላይ አንዱ «የአሞራ አገሩ ዋርካ፣ የእስላም አገሩ መካ» ብሎ ተረተ። ሁሉም ሳቀ። «ታዲያ ግብሬን መካ ልክፈል?» አልኩት። ሳቁ ቆመ። ጠብ አልነበረም፤ ሰውየው በሻይ ሰዓት መጥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ። በ1999ኙ ቆጠራ ከአገሪቱ ሕዝብ 33.9 በመቶው ሙስሊም ነው። እንግዳ አይደላችሁም፣ እንደ እንግዳም አታፍሩ። ነገሩ ከቀልድ ካለፈ ደግሞ ቀኑንና የተባለውን ጻፉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛን በሃይማኖቱ ማበላለጥ ይከለክላል። ማስታወሻ የሌለው አቤቱታ ደረሰኝ እንደሌለው ወጪ ነው።

ሁሉን ልዩነት ግን ንቀት አታድርጉት። ክርስቲያን ጎረቤቴ ልጇን ስትድር በጉን ከነሕይወቱ አምጥታ «እናንተው ባርኩት፣ እናንተው ሥሩት» አለችን። ድስቱም አዲስ ነበር። ሥጋችን ለየብቻ ነው፤ እዚህ አገር እንዲህ ነው የኖርነው። በሥጋና በስኒ መሀል ግን ልዩነት አለ። ቡና የጠጣሁበትን ስኒ ለብቻው የሚያስቀምጥ ቤት ድጋሚ አልሄድም።

ውጭ መሄድ የምትመኙ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ2015 እንደ ፈረንጆቹ፣ አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ራሱ የሠራውን ሰዓት ለአስተማሪው ሊያሳይ ትምህርት ቤት ይዞ ሄደ። ቤተሰቡ ከሱዳን ነው። ቦምብ ይመስላል ተብሎ ፖሊስ በካቴና አስሮ ወሰደው። ኒውዚላንድ ክራይስትቸርች ውስጥ ደግሞ በ2019 አንድ ሰው ሁለት መስጂዶች ላይ ተኩሶ 51 ሰው ገደለ። የተባበሩት መንግሥታት ያንን ቀን፣ ማርች 15ን፣ እስላም ጠልነትን መታገያ ቀን አድርጎታል። እዚያ ስትሄዱ ቆዳችሁም ሃይማኖታችሁም አብረው ነው የሚታዩት። ሙስሊም አገር ብትሄዱም ቆዳው አይቀርላችሁም። ዓረብ አገር ሠርተው የተመለሱ እህቶቻችንን ጠይቁ። ከአሠሪዎቻቸው ጋር አብሮ መጾሙ አብሮ ማዕድ መቁረስን አላመጣላቸውም።

ሌላውን ብቻ እየወቀስኩ እንዳልጨርስ የራሴን ልናገር። ባለፈው ዓመት ሰርቪስ ቤቴን ለኪራይ አወጣሁ። ደላላው አንድ የአሶሳ ልጅ ይዞ መጣ። ሙስሊም ነው፤ ቁርኣንም ከኔ የተሻለ ያነባል። መልኩ በጣም ጥቁር ነው። «ለሌላ ሰው ቃል ገብቻለሁ» አልኩት። አልገባሁም ነበር። የነቢዩ ሙአዚን ቢላል የኛ ነው፣ ሐበሻ ነው እያልኩ ለልጆቼ የማወራው ሰውዬ ነኝ እንግዲህ። የነቢዩ ባልደረባ አቡ ዘር አንድን ሰው በእናቱ ዘር ሲያነውረው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) «አንተ ጃሂሊያ (ከእስልምና በፊት የነበረው ድንቁርና) ያለብህ ሰው ነህ» እንዳሉት ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ልጁ ምንም አላለም። እንደ አባቴ ዝም ብሎ ከበሩ ተመለሰ። ጁምዓ ላይ አንዳንዴ አየዋለሁ። እሱ ሰላም ይለኛል። እኔ እስካሁን ይቅርታ አልጠየቅኩትም።

ለሲቪው ልጅ ይህን ሁሉ አልነገርኩትም፤ የነገርኩት የሳምቡሳውን ብቻ ነው። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ እስክሪብቶ ለመነኝና «ሳሚ»ን ሰርዞ ከላዩ ላይ ጻፈ። ጽሑፉ ጠባብ ቦታ ስለሆነ ትንሽ ተጣሟል፤ ጀሞ ወርዶ እንደገና ያስጽፈዋል። ማመልከቻ የሚያስገባው ሐሙስ ነው። ጠሩህም አልጠሩህም ደውልልኝ ብዬዋለሁ።